ሰማይ ታረሰ፤ ንጉሥስ?

እቴቴ የምላት አክስቴ የምትኖረው ከአዲስ ዘመን ወጣ ብሎ፣ ጣራ ገዳም ከሚታይበት ሰፈር ነው። በቅርቡ ኔትወርክ ተገኝቶ ስንገናኝ የጎረቤት ለቅሶ ላይ ሰንብታ ነበር። ድንኳን ጣላችሁ ወይ አልኋት። «ድንኳን ማን ይጥላል ልጄ! ተራ በተራ እየገባን አልቅሰን ወጣን እንጂ» አለችኝ። ሰልስቱም በቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሥር፣ ሰው እዚህም እዚያም ተበትኖ ተቀምጦ አለፈ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። እሷም አላብራራችልኝም። ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ለቅሶ በእኛ አገር በብዛት ነው። ሰው የሚቀበረው በሰው ነው። ድንኳኑም ከፀሐይ መከለያ በላይ ነው፤ ለሐዘንተኛው «ብዙ ነን፣ ብቻህን አይደለህም» የሚባልበት ቤት ነው። ያ ድንኳን ዛሬ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ምን እንደሚመስል እርግጠኛ የሆነ ሰው ስለሌለ ቀረ።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ሊሆኑ የማይችሉ ሁለት ነገሮችን ማጣመራቸው ነው። ከሁለቱ አንዱ ግን በእኛ ዘመን ሆነ። ሰማዩ ታርሷል። ከጉና እስከ ጣና ያለው ሰማይ በመስመር በመስመር ተከፍሎ፣ እየታየ፣ እየተለካ፣ ፎቶ እየተነሳ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን ተረቱ ላይ እንደተነገረው ቆሟል። የዛሬው ጽሑፌ በእነዚህ በሁለቱ ግማሾች መካከል ስላለው ርቀት ነው። መነሻዬ ትናንሾቹ ባለ ክንፍ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ናቸው፤ ግን ታሪኩ ከእነሱ ቀድሞ፣ ከደብረ ታቦር ስለሚጀምር ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

✦

የመጀመሪያው አውሮፕላን ኢትዮጵያ ምድር ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ 25 ነበር፤ ያበረረው አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። አዲስ አበባ ጉድ ብላ አየችው። ንጉሥ ተፈሪ መኮንን አውሮፕላን ያስመጡት አገር ዘመናዊ እንድትሆን ነው ተባለ፤ እውነትም ነበር። ግን ዓመት ሳይሞላው ሌላ ሥራ ተገኘለት።

በዚያ ጊዜ የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ነበሩ፤ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር። የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸው፤ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ባል ነበሩ፣ በፖለቲካ ምክንያት እስኪለያዩ ድረስ። ሥልጣን ከዘውዲቱ እጅ ወጥቶ ወደ ተፈሪ ሲጠቃለል ጉግሣ አልዋጥ አላቸውና በ1922 ዓ.ም. ጦራቸውን ይዘው ተነሡ። የመንግሥቱን ጦር ይዘው የወጡት የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ናቸው።

ሁለቱ ጦሮች ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ርቆ በሚገኘው በአንቺም ሜዳ ከመገናኘታቸው በፊት ግን ሰማይ ላይ አንድ ነገር ታየ። አውሮፕላኑ መጀመሪያ የጣለው ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ከጉግሣ ጋር የቆመ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን እንደሚወገዝ የሚያስታውቅ ነበር። ለበጌምድር ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውግዘት በአዋጅ ነጋሪ፣ በካህን አፍ ነበር የሚሰማው፤ አሁን ከሰማይ ወረደ። ከዚያ በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ውጊያው ሲጀመር ያው አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። ጦሩ ተበታተነ። ራስ ጉግሣ ተከበው በጥይት ተመትተው ወደቁ። ውጊያው የጥቂት ሰዓታት ጉዳይ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ መጋቢት 24 ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ አረፉ። ተፈሪ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። የአንቺም ነገርም በዘውዱ በዓል ድምቀት ውስጥ ተረስቶ ቀረ።

እኔ ይህን ታሪክ ትምህርት ቤት ስማር «ተፈሪ ዘመናዊ መሣሪያ ስለነበራቸው አሸነፉ» ተብሎ ነበር የተነገረኝ። ስህተት የለበትም። ግን ከደብረ ታቦር ሆኖ ላነበበው ሌላም ነገር አለው። አገራችን የመጀመሪያ አውሮፕላኗን ለጦርነት የሞከረችው በወራሪ ላይ አይደለም፤ በራሷ ሰው ላይ፣ በእኛው አያቶች ላይ ነው። ጉግሣ ትክክል ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ የእርስ በርስ ጦርነት የሁለቱም ወገን ጥፋት አለበት። ማለት የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። ከአንቺም በኋላ «ከላይ የመታነው ማንን ነው? ስንት ሰው ሞተ? አስፈላጊስ ነበር ወይ?» ብሎ የጠየቀ የመንግሥት አካል አልነበረም። ንጉሥ አይከሰስማ!

አንድ ነገር ግን ለ1922 ልመስክርላት። ቢያንስ ወረቀቱ ከቦምቡ ቀድሞ መጣ። ከታች ያለው ሰው ማን እንደሚከሰው፣ በምን እንደሚከሰው፣ ከዚያ ቢወጣ ምን እንደሚያተርፍ ተነግሮት ነበር። የዛሬው ሰማይ ወረቀት አይጥልም።

✦

ቀጥሎ የመጣው ጣሊያን ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት አየር ኃይል ያደረገውን አንባቢ ያውቀዋል፤ በተከዜ አካባቢ የነበረው የራስ እምሩ ጦር የመርዝ ጋዙን ከቀመሱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። እሱን አልደግመውም። ብዙ ያልተወራለት ግን የጣሊያን አውሮፕላኖች ከቦምቡና ከጋዙ ጎን ለጎን ሌላ ሥራም ይሠሩ እንደነበረ ነው። ፎቶ ያነሱ ነበር። አገሩን ለመያዝ፣ መንገድ ለመቅደድ፣ አርበኛው የሚሸሸግበትን ዱር ለማወቅ ካርታ ያስፈልጋልና።

እነዚያ ፎቶዎች ጣሊያን ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ፣ የካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ቆዩ። ያን ኒሰን የተባሉ የቤልጂየም ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ሲያገኟቸው በጠንካራ ሰሌዳ ላይ የተለጠፉ ነበሩ፤ የሰሌዳዎቹ ቁጥር ከ8,000 ይበልጣል። የዛሬ ዘጠና ዓመት ገደማ የነበረችውን ኢትዮጵያ ከላይ የሚያሳዩ ናቸው።

አሁን ወደ ጣራ ገዳም እንመለስ። ጣራ ገዳም ከጎንደር–ባሕር ዳር መንገድ፣ ከአዲስ ዘመን በላይ ባለው ተራራ ላይ ያለ ገዳም ነው። ዙሪያው የተራቆተ እርሻ ሆኖ ተራራው ብቻውን ጥቅጥቅ ያለ ደን ለብሶ ይታያል። የሊቦ ከምከም ልጅ ሁሉ ከሩቅ ሲመጣ አገሩ መድረሱን የሚያውቀው በዚህ ደን ነው። ደቡብ ጎንደር እንዲህ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የበዙበት ዞን ነው፤ ትልቅም ትንሽም አሉት። ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» የምታውቋቸው ደራሲ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ሳይንቲስት ናቸው፤ ብዙ ያጠኑት ስለ እነዚሁ ደኖች ነው።

ስለ እነዚህ ደኖች ሁላችንም የምንለው አንድ ነገር ነበር፤ «እያለቁ ነው»። በአሜሪካ የኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ጣሊያን በ1930 ዓ.ም. ያነሳቸውን የደቡብ ጎንደር ፎቶዎች ከዘመኑ የሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ውጤታቸው ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነበር። በቤተ ክርስቲያኖቹ ዙሪያ የነበረው ቁጥቋጦና የግጦሽ ዛፍ ተመንጥሮ እርሻ ሆኗል፤ ደኖቹ ራሳቸው ግን በአብዛኛው እንዳሉ ናቸው። ወረራ፣ ድርቅ፣ አብዮት፣ የመሬት አዋጅ፣ የሕዝብ ብዛት አልፎባቸዋል፤ ቄሱና ምእመኑ ግን ጠብቀዋቸዋል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ያ ፎቶ የተነሳው እኛን ለመግዛት ነበር። ሰማንያ ዓመት ቆይቶ የአባቶቻችንን አደራ ጠባቂነት የመሰከረልን ያው ፎቶ ነው። ካሜራው አልተለወጠም። የተለወጠው ፎቶውን የያዘው እጅና የቀረበለት ጥያቄ ነው። ወራሪው «የት ተደበቁ?» ብሎ ጠየቀ፤ ተመራማሪው «ምን ጠብቀው አቆዩን?» ብሎ ጠየቀ። ከላይ ስለሚያይ ዓይን የማውቀው ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ ስለ ድሮን የምላችሁም ከዚህ የሚመነጭ ነው።

✦

ድሮን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ትልልቆቹን ነው፤ የቱርኩን ባይራክታር፣ የቻይናውን ዊንግ ሎንግ፣ የኢራኑን ሞሃጀር። ለኢትዮጵያ ግን በሩን የከፈቱት ትናንሾቹ ናቸው።

ሠርግ ላይ የምትበረውን ባለ አራት ሽክርክሪት ድሮን ሁላችሁም አይታችኋል። እሷ ክብደቷን የምትሸከመው በሞተሯ ጉልበት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል በርራ ባትሪዋ ያልቃል። ባለ ክንፏ ሌላ ናት። እንደ አሞራ ናት። ክንፏ አየሩ ላይ ይደገፋል፤ የሞተሯ ሥራ ወደፊት መግፋት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ክብደቷ ከአሥር ኪሎ ያልበለጠ እንኳ ሰዓታት ሰማይ ላይ ትቆያለች። ማረፊያ ሜዳ አትፈልግም። ትንሿ በእጅ ትወረወራለች፤ ከፍ ያለችው በላስቲክ እንደ ወንጭፍ ትወነጨፋለች፤ ሥራዋን ስትጨርስ ሞተሯን አጥፍታ በፓራሹት ትወርዳለች። መንገዷ አስቀድሞ በኮምፒዩተር ይሞላላታል፤ በጂፒኤስ እየተመራች ትሄዳለች፤ ምስሉን መሬት ላይ ላለው ሰው ትልካለች። አምራቾቹም አንድ ብቻ አይሠሩም፤ እንደ ጫማ ቁጥር በመጠን በመጠን ያወጧቸዋል፤ በአንድ መቆጣጠሪያ የሚሠሩ፣ በአንድ ሥልጠና የሚለመዱ ቤተሰብ ይሆናሉ።

የእኛ ደጋ ግን ለእነሱም አይመችም። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ይወጣል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ክንፍን በደንብ አይሸከምም። ስለዚህ አውሮፕላኗ ለመቆየት መፍጠን አለባት፤ ስትፈጥን ባትሪዋን ትበላለች። በቆላ ረጅም ሰዓት የምትቆየው ደጋ ላይ ያንን አትደግመውም። የጉና ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ቀላሏን እንደ ቅጠል ይወስዳታል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የእስራኤሉ ብሉበርድ ኤሮ ሲስተምስ ኩባንያ ለኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ ትናንሽ አውሮፕላኖችን ለማቅረብ ውል እንዳገኘ ተዘገበ። ስፓይላይት፣ ቡመራንግ የተባሉት የዚህ ኩባንያ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። መሣሪያ አይሸከሙም፤ የሚሸከሙት ካሜራ ነው። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ፖስት አሜሪካ ከአርባ ምንጭ አየር ማረፊያ ሶማሊያን የሚቃኙ ሪፐር ድሮኖች እንደምታበርር ጻፈ፤ የአሜሪካ ባለሥልጣናትም ቅኝት ብቻ ነው፣ መሣሪያ አልታጠቁም አሉ። ያ ጣቢያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ።

በዚያ ጊዜ በአገራችን የተከራከረበት ሰው ትዝ አይለኝም። ካሜራ ብቻ ነውና ማን ይከራከራል? ዓይን አላቸው፣ እጅ የላቸውም ተባለ። ግን ጦርነት ውስጥ ዓይንና እጅ ሩቅ አይደሉም። ትንሿ አውሮፕላን ያየችውን ለመድፈኛው ትነግረዋለች፤ መድፈኛው ይተኩሳል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው እርምጃ ዓይኑንና እጁን በአንድ ክንፍ ሥር ማድረግ ነው። ትልልቆቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው። እኛ ትናንሾቹ ሲመጡ ሕግ ብንጠይቅ ኖሮ፣ ማን ያያል፣ ማንን ያያል፣ ያየውን ምን ያደርገዋል ብለን ብንከራከር ኖሮ፣ ትልልቆቹ ሲመጡ የምንይዘው ነገር ይኖረን ነበር። ባዶ እጃችንን ጠበቅናቸው።

✦

አሁን ስለ ራሴ ልናገር።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ታቦር ደረሰ። የሕወሓት ኃይሎች ከጋይንት በኩል ገፍተው መጡ፤ ከባድ መሣሪያ ከተማዋ ውስጥ ወድቆ ሰላማዊ ሰው ገደለ። የእኔም ዘመዶች ልጅ አዝለው ሸሹ። ከጥቂት ወራት በኋላ ድሮኖቹ ጦርነቱን ሲገለብጡት እንደ ማንኛውም የአካባቢው ልጅ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብቻም አይደለም፤ ጻፍኩ። ሰማዩ የእኛ ሆነ፣ ከእንግዲህ ማንም አይደፍረንም የሚል ረጅም ጽሑፍ ጽፌ ብዙ ሰው አጋራው። ልጥፉ ዛሬም አለ። አላጠፋሁትም፤ ማጥፋት የምችለው ልጥፉን እንጂ ያሰብኩትን ስላልሆነ።

ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በገና ዕለት ሌሊት፣ ትግራይ ደደቢት የተፈናቃዮች መጠለያ በድሮን ተመታ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ የተገደሉትን ቢያንስ 59 ብሎ ቆጠረ። ተፈናቃይ ማለት ዘመዶቼ ከአምስት ወር በፊት የነበሩበት ሁኔታ ማለት ነው። አነበብኩት። ምንም አልጻፍኩም። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ነበረኝ፤ ጦርነት ነው፣ ማን ያውቃል፣ እነሱስ ምን አደረጉን አልኩ። ይህ ሦስተኛው ምክንያት ሁልጊዜ እጅ ላይ የሚገኝ ነው።

ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ተመታች። ያው ቢሮ የድሮን ጥቃት በሚመስል ምት ቢያንስ 26 ሰው መሞቱን ገለጸ። በአማራ ክልል መንግሥትና ፋኖ የገቡበት ጦርነት ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ደርሷል፤ ድሮኑም እንደዚያው። መንግሥት ዒላማዬ የታጠቁ ኃይሎች ናቸው፣ ሲቪል አልመታም ይላል። እሺ፤ እንዲህ የሚል መንግሥት ማስረዳት አለበት። የትኛው ምት ማንን ገደለ? ማን አዘዘ? ተሳስቶ ከሆነ ማን ይቅርታ ጠየቀ፣ ማን ካሰ? ለሐዘንተኛው መልስ ይዞ የመጣ አላየሁም።

በዚህ ጊዜ ብዕሬ ፈታ አለች። ያኔ ነው የአንድ የትግራይ ጓደኛዬ መልእክት የደረሰኝ፤ የዩኒቨርሲቲ የዶርም ጓደኛዬ ነበር፣ በጦርነቱ ተኮራርፈናል። «አሁን ገባህ?» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። ስድብ ቢልክልኝ ይቀለኝ ነበር። መልስ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ የጻፍኩትም «አዎ፣ ዘግይቶ» የሚል ነው።

ይህን የማወራው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ስለ ድሮን የነበረው ክርክር ሁሉ ይህን ይመስላል። ሌላው ላይ ሲወርድ ቴክኖሎጂ ነው፤ እኛ ላይ ሲወርድ ወንጀል ነው። ትናንት ያጨበጨበ ዛሬ ያለቅሳል፣ ትናንት ያለቀሰ ዛሬ ያጨበጭባል። እንዲህ እስከቀጠልን ድረስ ንጉሡን የሚከሰው አይገኝም፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ከሕዝቡ ግማሹ ከንጉሡ ጋር ቆሞ እያጨበጨበ ነውና።

✦

«ችግሩ ከሰው አገር መግዛታችን ነው፤ ራሳችን ብንሠራ ሌላ ይሆን ነበር» የሚል አለ። ይህም ሐሳብ ቢሆን የትውልድ ቦታው ደብረ ታቦር ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የወንጌል ሰባኪ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ቴዎፊል ቫልድማየር ከእነዚያ አንዱ ነበር። የመድፍ ሥራ አናውቅም ቢሉም ንጉሡ አልሰሟቸውም። ተሞክሮ፣ ተበላሽቶ፣ እንደገና ተሞክሮ መጨረሻ ላይ ሴባስቶፖል ወጣ፤ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲወጡ መድፉን ይዘው ወጡ። ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ ሰው በጠፍር እየጎተተው ከወራት በኋላ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አናት ላይ አለ፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

የቴዎድሮስን ሕልም አልንቅም። የሚያልም ንጉሥ ነበራቸው መባል ለእኛም ክብር ነው። ግን ሴባስቶፖልን የጎተተው ማን እንደነበረ እናስታውስ። ንጉሡ መቅደላ የደረሱት ሰፊው አገር ከእጃቸው ወጥቶ ነበር፤ በጌምድር ራሱ በተደጋጋሚ ዘመቻና ቅጣት ተመርሮ ርቋቸው ነበር። መድፉ የራሳቸው ነበር፤ ሕዝቡ ግን ከእጃቸው ወጥቷል።

በ2017 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ስካይዊን የተባለ የሰው አልባ አውሮፕላን ፋብሪካ መረቁ፤ ለሲቪልም ለውጊያም የሚሆን ያመርታል ተባለ። መሐንዲሶቹ የእኛው ልጆች ናቸውና እኮራለሁ። ግን «እኛ ሠራነው» የሚለው መልስ የሚሆነው «ማን ሠራው?» ለሚል ጥያቄ ነው። የእቴቴ ጥያቄ ይህ አይደለም። የድንኳኑ ነገር በአገር ምርት አይፈታም።

✦

ታዲያ ምን ይፈታዋል? መልሱን ያየሁት እዚያው ሊቦ ከምከም፣ አጎቴ ማሳ ላይ ነው።

የገበሬው መሬት በሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሲመዘገብ ባለሙያዎቹ ከአየር የተነሳ ምስል በትልቅ ወረቀት አትመው ይመጣሉ። አጎቴ ፊደል አልቆጠረም። ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግተው «ይኸው መንደርዎ፣ ያንተን ማሳ አሳየን» አሉት። መጀመሪያ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ወንዙን አገኘ፤ ከወንዙ ዋርካውን፤ ከዋርካው የቤተ ክርስቲያኑን ክብ ደን። ከዚያ በኋላ ጣቱ አልቆመም። ጎረቤቶቹ ዙሪያውን ቆመው «አይ፣ እሱ የእኔ ነው፤ ድንበሩ ከድንጋዩ ወዲህ ነው» ይላሉ፤ ባለሙያው ይሰርዛል፣ ያስተካክላል። ሲያልቅም ዝርዝሩ ለሕዝብ ይለጠፋል፤ ቅሬታ ያለው ያቀርባል።

አያችሁ? እዚያም ከላይ ታይተናል። ግን የታየው ሰው ሥዕሉ ፊቱ ተዘረጋለት፤ ጣቱን አስቀምጦ «ተሳስታችኋል» አለ፤ ያየው አካልም አረመ። ሰማዩ ታርሷል፤ ንጉሡም በትንሹ ተከሷል። ልዩነቱ ይኸው ነው። የምሥሉ ጥራት፣ የክንፉ ርዝመት፣ የፋብሪካው አድራሻ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ትናንሾቹ ባለ ክንፎች ደግሞ ለዚህ ዓይነት ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ሩዋንዳ ከጥቅምት 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ዚፕላይን በተባለ ኩባንያ ባለ ክንፍ ድሮኖች ለገጠር ሆስፒታሎች ደም ታደርሳለች፤ ሳጥኑ በትንሽ ፓራሹት ግቢ ውስጥ ይወርዳል። ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር በመኪና 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአየር 75 ቢሆን ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር በወሊድ ደም የሚፈሳት እናት ለዚህች 75 ኪሎ ሜትር ነው የምትሞተው። የጣራ ገዳምን ደን በየዓመቱ ለመለካት፣ የእሳት ጭስ ለማየት፣ የጉናን መሸርሸር ለመከታተል የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያስፈልገው ከእነዚህ አንዷ ናት። ዛሬ ግን ተመራማሪ ሊያስገባት ቢፈልግ የደኅንነት ፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ቢፈቀድለትም የትኛው ገበሬ ሰማይ ላይ ሲያያት ቆሞ ይጠብቃታል? የታጠቀችው ያልታጠቀችውን ስሟን አጠፋችባት። የጦርነቱ አንዱ ጥፋት ይህም ነው፤ አይቆጠርም እንጂ።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የድሮን ምት የት፣ መቼ፣ ምንን ዒላማ አድርጎ እንደተፈጸመና ማን እንደሞተ በይፋ ይነገር፤ ሲቪል ከሞተበት ገለልተኛ ምርመራ ይካሄድ። ደደቢትም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ሌላውም በአንድ መዝገብ። የእኔ ሟችና የአንተ ሟች ተብሎ አይከፈል። ሁለተኛ፣ የታጠቀ ድሮን በአገር ውስጥ መቼ እንደሚፈቀድ፣ ማን እንደሚያዝ ምክር ቤቱ በአደባባይ ተከራክሮ ሕግ ያውጣ። ሦስተኛ፣ ያልታጠቁት ትናንሾቹ ለሆስፒታል፣ ለዩኒቨርሲቲ፣ ለገበሬ በግልጽ ደንብ ይከፈቱ፤ ሲበሩም የመንደሩ ሰው አስቀድሞ ይነገረው። በ1922 እንኳ ወረቀት ቀድሞ ይወርድ ነበር አልኳችሁ።

«ይህ በጦርነት መሐል ይሆናል?» የምትሉኝ አላችሁ። ጦርነቱ ሲያልቅ እንጠይቃለን ስንል ነው ከአንቺም እስከ ዛሬ ዘጠና ዓመት ያለፈው። የሚቀጥለው ንጉሥ ማንም ይሁን ማን፣ ከየትም ይምጣ፣ ይህን ሰማይ እንዳለ ይወርሰዋል። ስለዚህ ጥያቄው ዛሬ ሥልጣን ላይ ላለው ብቻ አይደለም፤ ነገ እይዘዋለሁ ብሎ ለሚዋጋውም ነው።

እቴቴ በዚያች ስልክ መጨረሻ ላይ የሟቹን አርባ ነገረችኝ። «አርባውስ እንዴት ነው የሚሆነው?» አልኋት። ትንሽ ዝም ብላ «እንግዲህ ዛፎቹ አሉ» አለች።

ዛፎቹ አሉ። አባቶቻችን ለጸሎት የተከሏቸውና የጠበቋቸው ዛፎች ለእኛ መሸሸጊያ ሆነዋል። ድንኳኑ ሜዳ ላይ የሚጣልበትን ቀን ያሳየን።

ቸር ያሰማን።